ቀብድ ከመላክዎ በፊት ሰው ይላኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ታላቅ ወንድሜ ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ለጥምቀት ከአሜሪካ ይመጣል። ልጆቹ የአያቶቻቸውን አገር አንኮበርን አይተው ስለማያውቁ፣ ከከተራ ጀምሮ ሦስት ሌሊት የሚያድሩበት ቤት እንድፈልግ አደራ ሰጥቶኛል። በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ እሳት ማንደጃ ያለው፣ ከበረንዳው ቁልቁል ቆላው የሚታይ በጣም የሚያምር ቤት አገኘሁ። ዋጋው ከጠየቅኋቸው ከሌሎቹ በግማሽ ያንሳል። የሚያነጋግረኝ ሰው ትሑት ነው፤ «እኅቴ» እያለ ይመልስልኛል። ይሁን እንጂ የኪራዩን ግማሽ እስከ ዛሬ ማታ ካልላክሁ ቤቱን ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው ነግሮኛል። ወንድሜ በበኩሉ ኤርቢኤንቢ በተባለው የማረፊያ ማከራያ ድረ ገጽ ላይ ሌላ ቤት አይቶ ነበር፤ አከራዩ ግን «በዋትሳፕ እንነጋገር፣ በቀጥታ ብትልክልኝ ቅናሽ አደርግልሃለሁ» አለው። የትኛውን እንመን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና ዛሬ ማታ ለማንም ምንም አይላኩ። ቤቱ እውነተኛ ከሆነ እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ ቢቆይ አከራዩ የሚያጣው ነገር የለም፤ ቤቱ የሌለ ከሆነ ግን የእርስዎ ገንዘብ ከሄደ በኋላ የሚመልሰው አይኖርም። በከተራና በጥምቀት ሰሞን በአንኮበርም ሆነ በምንጃር ኢራንቡቲ አካባቢ ማደሪያ እንደሚጠብ የታወቀ ነው። አታላዩ የሚጠቀመው ይህንኑ እውነት ነው፤ በእርግጥ የሚያሳስብዎትን ነገር ይዞ ጊዜዎን ያሳጥረዋል፣ ለማጣራት የሚያስፈልግዎትን አንድ ቀን ይወስድብዎታል። የበዓል ማደሪያ ማታለያ ውስጥ ከዋጋው መርከስ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ጥድፊያ ነው፤ ዋጋ የሚቀንስ ቅን አከራይ ሊኖር ይችላል፣ ቤቱን ሰው እንዳያይለት የሚያጣድፍ ቅን አከራይ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እርስዎ ብዙ አንባቢዎቻችን የሌላቸው ዕድል አለዎት። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንኮበር የሚያስተምር፣ የሚነግድ ወይም ዘመድ የሚጠይቅ አንድ ሰው በእድርዎ፣ በማኅበርዎ ወይም በሥራ ቦታዎ አይጠፋም። ለዚያ ሰው ደውለው «ይህን ቤት ሄደህ በሩ ላይ ቆመህ ደውልልኝ» ይበሉት። ለአከራዩም «ነገ ጠዋት የምልከው ሰው መጥቶ ቤቱን ያያል፣ ቀብዱንም እዚያው በእጅዎ ይሰጥዎታል» ብለው ይጻፉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ነገር ይነግርዎታል። እውነተኛ አከራይ ደስ ይለዋል፤ ገንዘቡን በእጁ ሊቀበል ነውና። ሌላኛው ግን ቁልፉ አዲስ አበባ እንዳለ፣ ዘበኛው እንደታመመ፣ አሁን ሌላ እንግዳ ስላለ ማሳየት እንደማይቻል መናገር ይጀምራል። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ አንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሲደራረቡ ግን ውይይቱን ያቁሙ።

የሚልኩት ሰው ፈጽሞ ካልተገኘ ቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ይጠይቁ። ተቀርጾ የቆየ ቪዲዮ አይበቃም፣ እርሱንም ከሌላ ሰው ገጽ መውሰድ ይቻላልና። በጥሪው ላይ እርስዎ በዚያች ደቂቃ የሚያስቡትን ነገር ይዘዙት፤ ለምሳሌ የመታጠቢያ ቤቱን ውኃ ከፍቶ እንዲያሳይ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ ወደ ደጅ ወጥቶ መንገዱንና የጎረቤቱን በር እንዲያሳይ ይጠይቁት። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው የሚመልሰውን ጥያቄም ይጨምሩ፤ ቤቱ ከዋናው መንገድ በየት በኩል እንደሚገባ፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ እንደሆነ፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ምን ያህል እንደሚርቅ። አንኮበርን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከደብረ ሲና አሥር ደቂቃ መንገድ ነው ብሎ ሊነግርዎት ይችላል፤ የአገሩ ልጅ ግን እንዲህ አይሳሳትም።

ፎቶዎቹንም ቢሆን ረጋ ብለው ያንብቧቸው። ስልክዎ ላይ በጉግል ሌንስ ምስሉን ቢፈልጉ ያው ፎቶ በሌላ አገር ሆቴል ስም ተለጥፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ካልተገኘም ከምስሉ ውስጥ የሚነበብ ነገር አለ። የእኛ አገር የመብራት ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ነው፤ በግድግዳው ላይ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው ሶኬት ከታየ ክፍሉ ሌላ አገር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በጥር ውርጭ በሚወርድበት ደጋ «ግቢው ነው» ብሎ በዘንባባ የታጠረ የመዋኛ ገንዳ የሚያሳይ ፎቶም እንዲሁ መጠየቅ አለበት። ፎቶዎቹ እያንዳንዳቸው በተለያየ ወለልና በተለያየ መጋረጃ የተነሡ ከሆነ ከተለያየ ቤት የተለቃቀሙ ሊሆኑ ይችላሉ። የቻናሉ ተከታይ ብዛት አያረጋጋዎት፤ ተከታይ ይገዛል፣ በሌላ ስም ሲሠራ የቆየ ቻናልም ስሙ በአንድ ቀን ይለወጣል። ወደ ኋላ እስከ መጀመሪያው ጽሑፍ ድረስ ይመለሱና ከዓመት በፊት ምን ይሸጥ እንደነበር ይመልከቱ። ከፎቶው ሥር አስተያየት መስጠት የተዘጋ ከሆነ ያንንም ልብ ይበሉ፤ የተበደለ ሰው የሚናገርበት ቦታ የለውም ማለት ነው።

ማረፊያው «ሎጅ» ወይም «ገስት ሃውስ» ተብሎ የሚጠራ የንግድ ቤት ከሆነ የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥሩን መጠየቅ ነውር የለበትም። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ በተባለው ድረ ገጹ ላይ በዚህ ቁጥር የንግድ ፈቃድን ማየት ይቻላል። የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም በአካባቢው ማን እንግዳ እንደሚያሳድር ያውቃል፤ አንድ የስልክ ጥሪ ብዙ ጭንቀት ያድናል።

ሁሉም ተጣርቶ ወደ ክፍያው ሲደርሱ፣ በባንክም ሆነ በቴሌብር ሲልኩ ከማረጋገጥዎ በፊት የተቀባዩ ስም ይታያል። ያንን ስም ከአነጋገረዎት ሰው ስምና ከማረፊያው ስም ጋር ያነጻጽሩ። ብዙ ትንንሽ ማረፊያዎች በባለቤቱ ወይም በባለቤቲቱ የግል ሒሳብ ስለሚጠቀሙ የስም ልዩነት ብቻውን ወንጀል አያስረዳም፤ ማብራሪያ ግን ይጠየቅበታል። ግማሽ ኪራይ አይላኩ። ትንሽ ቀብድ ሰጥተው የቀረውን ቁልፍ ሲቀበሉ ለመክፈል ይስማሙ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን፣ «ቀብድ» የሚለው ቃል፣ ቀኖቹ፣ ጠቅላላው ዋጋና የቤቱ አድራሻ በግልጽ ይስፈሩበት። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከ1952 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ሕግ የሌለ ሰው ሊያስከፍልልዎት አይችልም፤ ቤት ያለውና የታወቀ አከራይ ግን ከእርስዎ ቀብድ ተቀብሎ በበዓሉ ዋዜማ ለተሻለ ከፋይ ቢያከራየው መብትዎ በዚህ የተጠበቀ ነው። በየዓመቱ የሚደርሱን ቅሬታዎች ውስጥ ይህኛውም አይጠፋም፣ አንባቢዎች ግን መብታቸውን ሳያውቁ ይተዉታል።

የወንድምዎን ጉዳይ በአጭሩ ልመልስ። በኤርቢኤንቢ በኩል የተከፈለ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለአከራዩ የሚለቀቀው እንግዳው ከገባ ከ24 ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ ቤቱ ከሌለ ወይም ከተባለው የተለየ ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ አቤት ማለት ይቻላል። «በዋትሳፕ፣ በቀጥታ ላክልኝ» ማለት ከዚህ ጥበቃ ውጣ ማለት ነው። ኩባንያው ራሱ ከመድረኩ ውጪ መክፈልን ይከለክላል። ስለዚህ ወንድምዎ ወይ በዚያው በመድረኩ ውስጥ በካርድ ይክፈል፣ ወይ ይተወው። ሌላም ነገር ያስጠንቅቁልኝ፤ ቦታ ከያዘ በኋላ «ካርድህን እንደገና ካላረጋገጥህ የያዝኸው ይሰረዛል» የሚል መልእክት ከማስፈንጠሪያ ጋር ቢመጣለት አይንካው። ይህ ዓይነቱ ማጥመጃ ሆቴሎች ቡኪንግ ዶት ኮም ወደተባለው የማረፊያ ማስያዣ ድረ ገጽ የሚገቡበትን የይለፍ ቃል በሰረቁ ሰዎች እጅ፣ በድረ ገጹ በእውነተኛው የመልእክት ሳጥን ውስጥ ጭምር ሲላክ ታይቷል። ማጣራት ከፈለገ መተግበሪያውን ራሱ ከፍቶ ይመልከት።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው የምጽፈው። እናቴ እግሯን ስለሚያማት ጻድቃኔ ማርያም ለሁለት ሱባዔ ጠበል እንድትጠመቅ ብለን፣ ፌስቡክ ላይ «ለጠበልተኛ የሚከራይ ንጹሕ ክፍል» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ደወልሁ። ሰውየው የአሥራ አራት ቀኑን አስቀድሞ ጠየቀኝ፤ 4,200 ብር በቴሌብር ላክሁለት። ስንደርስ የተባለው ቤት የለም፣ ስልኩም ተዘግቷል። እናቴ ያን ሌሊት በብርድ በሰው በረንዳ አደረች። ገንዘቡ ይመለስ ይሆን? ለዚህች ብር ፖሊስ ጋ ብሄድ ይስቁብኝ ይሆን ብዬ እስካሁን ዝም ብያለሁ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ በእናትዎ ላይ የደረሰው በጣም አሳዝኖናል። ዕውር፣ አንካሳ፣ ሕመምተኛ ወደ ፈውስ ቦታ የሚሄድበትን መንገድ ጠብቆ የሚዘርፍ ሰው ከሌላው አታላይ የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ጻድቃኔም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ እናቱን ይዞ ሊሄድ የተዘጋጀ ሌላ አንባቢ ስላለ ነው።

ፖሊስ ጋ ይሂዱ፣ አይፈሩ። የገንዘቡ ማነስ ድርጊቱን ወንጀል ከመሆን አያወጣውም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን የሚቀጣ ሲሆን፣ በኮምፒውተርና በስልክ አማካይነት ለሚፈጸመው ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያው ሰው በዚያው ስልክ ሃያ ሰው አታሎ ሊሆን ይችላል። ሃያዎቹም እንደ እርስዎ «ለዚህች ብር» ብለው ዝም ካሉ በየጣቢያው አንድም መዝገብ አይከፈትበትም፤ ሁለት ሦስቱ ግን ካመለከቱ አንድ የስልክ ቁጥር በሦስት መዝገብ ላይ ይገኛል።

ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በእርግጠኝነት ቃል ልገባልዎት አልችልም። የሚወስነው ፍጥነት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው በዚያችው ሰዓት ለቴሌብር በ127፣ በንግድ ባንክ የላከ ከሆነ በ951 ደውሎ የግብይት ቁጥሩን በመንገር ማመልከት አለበት፤ ገንዘቡ ገና ከተቀባዩ ሒሳብ ካልወጣ ሊያዝ የሚችልበት ዕድል አለና። ባንኩ በአንድ ሰው ቃል ብቻ ከሌላ ሰው ሒሳብ ቀንሶ እንደማይመልስ ግን ይወቁ። የተቀባዩን ማንነትም ለእርስዎ አይነግርዎትም፤ በሕግ አግባብ ለሚጠይቀው ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ግን ይገልጻል። ስለዚህ የባንክ አቤቱታውና የፖሊስ ማመልከቻው አንዱ ያለ አንዱ ብዙም አይራመድም። ዘግይቻለሁ ብለው አይተዉት፤ ገንዘቡ ባይገኝ እንኳ መዝገቡ ይቆያል።

ወደ ጣቢያው ሲሄዱ የከፈሉበትን መልእክት፣ የማስታወቂያውን ምስል፣ የተነጋገሩበትን ቀንና ሰዓት፣ ስልክ ቁጥሩንና በክፍያው ላይ የታየውን ስም በወረቀት ላይ ገልብጠው ይያዙ። ማስታወቂያው እስካሁን ካለ ዛሬውኑ ስክሪንሾት ያንሡት። በቴሌግራም የተነጋገሩ አንባቢዎች ይህን በተለይ ልብ ይበሉ፤ በቴሌግራም አንደኛው ወገን ውይይቱን በሙሉ ከሁለቱም ስልክ ላይ መሰረዝ ይችላል። የተታለለው ሰው ከመቆጣቱና ከመሳደቡ በፊት ምስሉን ማንሣት ያለበት ለዚህ ነው፤ አታላዩ እንደተነቃበት ካወቀ የመጀመሪያ ሥራው ማጥፋት ነው። በክፍያው ላይ የሚታየው ስምም የአታላዩ ላይሆን ይችላል። ሒሳባቸውን ወይም ሲም ካርዳቸውን ለሌላ ሰው በጥቂት ብር የሚሰጡ ወጣቶች አሉ፤ ልጆች ያሏችሁ አንባቢዎች ይህ ተጠያቂነት እንደሚያመጣ ብትነግሯቸው መልካም ነው። ስለዚህ በስሙ የተገኘውን ሰው ራስዎ ፈልገው አይጣሉ፣ ለመርማሪው ይተዉት።

ከእንግዲህ ደግሞ «የተበላብህን ገንዘብ እናስመልስልሃለን፣ ለማስከፈቻ ይህን ያህል ላክ» የሚል ሰው ሊደውልልዎት ይችላል። ስለተታለሉበት ጉዳይ በይፋ ቅሬታ የለጠፉ ሰዎች ዘንድ ነው የሚመጣው። ባንክ ነኝ ቢል፣ ፖሊስ ነኝ ቢል የሚስጥር ቁጥርዎንም ሆነ በመልእክት የመጣልዎትን ቁጥር አይስጡት።

እናትዎ ጠበሉን እንዲቀጥሉ ከፈለጉ፣ ከቤተሰቡ አንድ ጎልማሳ አንድ ቀን ቀድሞ ይሂድ። የደብሩን ጽሕፈት ቤት ወይም ብዙ ጊዜ የቆዩ ጠበልተኞችን ጠይቆ ክፍሉን በዓይኑ ይይ፣ ኪራዩንም ለአሥራ አራት ቀን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት በሦስት ቀን ይክፈል። የዚያ ሰው የመሳፈሪያና የአንድ ሌሊት ወጪ ከላኩት 4,200 ብር ቢያንስ እንጂ አይበልጥም፤ ወፍራም ጋቢና ብርድ ልብስም ቀድሞ ያደርስላቸዋል።

ጥያቄ፦ እኔ በመንዝ መሐል ሜዳ ሦስት ክፍል ያላት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ፤ ጓሳን፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት የሚመጡ ሰዎች ያድሩባታል። ሰሞኑን ሁለት ቤተሰብ «ከፍለናል» ብለው በሬ ላይ መጡ። ያሳዩኝ ማስታወቂያ የእኔን ፎቶ ይዟል፣ ስልኩና ሒሳቡ ግን የእኔ አይደለም። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ እንግዳ 6,000 ብር መክፈል ሲገባው የ16,000 ብር ደረሰኝ ምስል ልኮ «በስሕተት አብዝቻለሁ፣ አሥሩን መልስልኝ» እያለ ያጣድፈኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፣ አጣዳፊው እርሱ ነውና። የደረሰኝ ምስል ገንዘብ አይደለም፤ በስልክ ተቀናብሮ ሊሠራ ይችላል። «ገቢ ተደርጎልዎታል» የሚል አጭር መልእክትም ከተራ ስልክ ቁጥር ሊላክ ይችላል። የራስዎን የባንክ መተግበሪያ ይክፈቱና ቀሪ ሒሳብዎ መጨመሩን ይመልከቱ፤ ወይም በደረሰኙ ላይ ያለውን የግብይት ቁጥር ይዘው ቅርንጫፉን ይጠይቁ። ገንዘቡ ካልገባ ምንም አይመልሱ። በእርግጥ ገብቶ ከተገኘ ደግሞ ትርፉን በእርሱ በታዘዘ በሌላ ሰው ሒሳብ ላይ አይላኩ፤ ወደ ባንክዎ ሄደው ገንዘቡ በመጣበት ሒሳብ እንዲመለስ በጽሑፍ ያመልክቱ። ከሌላ ከተታለለ ሰው የተላከ ገንዘብ ሊሆን ስለሚችል፣ በችኮላ ለሦስተኛ ሰው ቢያስተላልፉት እርስዎ ራስዎ ማብራሪያ የሚጠየቁበት ነገር ይሆናል።

ፎቶዎን በተመለከተ፣ ማስታወቂያው በወጣበት መድረክ ላይ «ሪፖርት» በሚለው በኩል ያመልክቱ፤ ዘመዶችዎና ደንበኞችዎም እንዲሁ ያድርጉ። አዲስ ፎቶ ሲያነሡ የማረፊያዎ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ በምስሉ ውስጥ ይግባ፣ ስምዎንና ስልክዎንም በምስሉ መካከል ላይ ይጻፉበት፤ በጠርዙ የተጻፈ ተቆርጦ ይወጣል። በጉግል ካርታ ላይ ማረፊያዎን በትክክለኛው ቦታና ስልክ ያስመዝግቡ። ገንዘብ የሚቀበሉበትን የሒሳብ ስምም በበርዎና በገጽዎ ላይ ይለጥፉ፤ «ከዚህ ስም ውጪ የሚጠይቃችሁ እኛ አይደለንም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ይበቃል። ለወረዳው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሠራተኞችም ይንገሩ፤ እንግዳ መጀመሪያ የሚደውለው ለእነርሱ ሊሆን ይችላል።

ተታለው በርዎ ላይ የሚደርሱ ሰዎች በእርስዎ ላይ ቢቆጡም ይታገሡአቸው። የሚከራይ ክፍል ካለዎት በተለመደው ዋጋ ይስጧቸው፣ ከሌለ የሚያድሩበትን ያመላክቷቸው። ከዚያም በዚህ ቀን ወደ ማረፊያዎ መምጣታቸውን፣ ያሳዩዎት ስልክና ሒሳብ የእርስዎ አለመሆኑን የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፈውና ፈርመው ይስጧቸው፣ አንዱን ቅጅም ለራስዎ ያስቀሩ። ለእነርሱ በፖሊስ ዘንድ ማስረጃ ይሆናቸዋል፤ ለእርስዎም ማረፊያዎ በስሙ የተነገደበት እንጂ ያታለለ አለመሆኑን በቀኑ የሚያስረዳ ሰነድ ነው።